ለጳጉሜ መጽሐፍ ስትመርጡ ጮክ ብላችሁ ሞክሩት

ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ቢባልም ዝናቡ እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ ድረስ አይለቅም። ለእኔ ከዓመቱ ሁሉ ለመጽሐፍ የሚመቹት እነዚህ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጳጉሜ ማብቂያ ያሉት ሦስት ሳምንታት ናቸው። ፍልሰታ ተፈትቷል። ተማሪው ገና ደብተር አልገዛም። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር መንገደኛው ወደየቤቱ ይሮጣል፤ አንዴ ከገባ በኋላ ደግሞ እስኪመሽ ድረስ የሚያስወጣው ጉዳይ ጥቂት ነው። መብራትም ይሄዳል፣ ኔትወርኩም ይቆራረጣል፤ ቤተሰቡ ሳይጠራራ አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባል።

በዚህ ሰሞን የቀድሞ ተማሪዎቼ ይደውሉልኛል። ደሴ ውስጥ ለብዙ ዓመታት አማርኛ አስተምሬያለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ተማሪዎቼ ዛሬ ሐኪም፣ ሹፌር፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የልጆች እናት ሆነዋል፤ እኔን ሲያገኙ ግን አሁንም «ቲቸር» ነው የሚሉኝ። «ቲቸር፣ እረፍት ወጥቻለሁ፣ ምን ላንብብ?» ሲሉኝ የመጽሐፍ ስም ከመጥራቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ «ከማን ጋር ነው የምታነቡት?»

ብዙዎቹ ጥያቄው ግራ ያጋባቸዋል። «ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ» ሲባሉ ነው ያደጉት፤ ማንበብ በር ዘግቶ ለብቻ የሚደረግ ነገር ነው ብለው ያምናሉ። እኔ ግን በክረምት መጨረሻ የሚነበብ መጽሐፍ በዓይን ብቻ ሳይሆን በጆሮም መመረጥ አለበት ባይ ነኝ። ይህንንም የምለው ለጨዋታ ያህል አይደለም። አገራችን መጽሐፍን የለመደችው በጆሮ ነው። ዳዊት የሚደገመው በድምፅ ነው። ገድሉና ድርሳኑ በበዓሉ ቀን ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ሕዝቡም ቆሞ ይሰማል። ከሩቅ የመጣ ደብዳቤ በጎረቤት ተማሪ አፍ ይነበብ ነበር፤ ያ ተማሪም ሲያነብ የእናቲቱን ፊት እያየ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። ሬዲዮ ሲመጣም ነገሩ አልተቀየረም። የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚለው ዝግጅቱ ልብ ወለዶችን በትረካ ያቀርብ ነበር፤ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የተረከበት ድምፅ ዛሬም በየስልኩ ውስጥ አለ። መጽሐፉን እጃቸው ሳይነካው ገጸ ባሕርዩን ጉዱ ካሳን እንደ ጎረቤታቸው የሚያውቁ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። እነዚህን ሰዎች «አላነበቡትም» ለማለት አፌ አይደፍርም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። መጽሐፍ ቤት ስትገቡ፣ ወይም አዟሪው ክንዱ ላይ የደረደረውን ይዞ ካፌ ውስጥ ሲመጣላችሁ፣ መሐሉን ግለጡና አንድ አንቀጽ ለራሳችሁ እንኳ በሚሰማ ድምፅ አንብቡት። አረፍተ ነገሩ ትንፋሽ ካሳጠራችሁ፣ ሦስት ጊዜ ተመልሳችሁ ካልጀመራችሁት በቀር የማይገባ ከሆነ፣ ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ሰው የሚያወራ ከመሰላችሁ ግዙት።

በዚህ ሚዛን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቁመው «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ»ን ነው። በ1959 ዓ.ም. የታተመ ነው። ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ አባቱን አለቃ ለማን ቁጭ አድርጎ እየጠየቀ፣ የተናገሩትን በራሳቸው ቃል ያኖረበት መጽሐፍ ነው። አለቃ ለማ የቅኔ ሊቅ ናቸው፤ ቅኔ ፍለጋ ከደብር ደብር የዞሩበትን ዘመን፣ የሰሟቸውንና ያዩዋቸውን መኳንንትና ሊቃውንት፣ የሰውን ጠባይ፣ ሁሉንም ልክ እሳት ዳር እንደተቀመጠ ሽማግሌ ያወጉታል። ልጅየው ደግሞ በትምህርት ያገኘውን የጽሑፍ ወግ አልጫነባቸውም፤ አባቱ ሲያቋርጡ ያቋርጣል፣ ሲመለሱ ይመለሳል። ለዚህ ነው መጽሐፉ ለዓይን ትንሽ የሚያስቸግረው፣ ለጆሮ ግን ወለላ የሚሆነው።

ይህን መጽሐፍ በአንድ ክረምት መጨረሻ ደሴ ሆጤ አካባቢ ትኖር ለነበረችው አክስቴ አንብቤላታለሁ። ዓይኗን ሞራ ጋርዷት ነበር፤ ድሮም ፊደል አልቆጠረችም። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ፣ ከውጭ የሚታየው የጎረቤት አጥር ብቻ ነበር። በቆሎ እሸት ከሰል ላይ አስጠብሳ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ እኔ አነባለሁ። የቆሎ ተማሪው የሚንከራተትበት ቦታ ላይ ስደርስ እጇን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገችና፣

«አንቺ ልጅ፣ እስቲ እዚያ ላይ ቁሚ» አለችኝ።

«እሺ እትዬ።»

ልጅ ሳለች ደበሎ የለበሱ፣ አኩፋዳ ያነገቱ ተማሪዎች በራቸው ላይ ቆመው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ እናቷ ምን እንደምትሰጣቸው፣ የግቢው ውሻ የትኛውን እንደነከሰው፣ ያ የተነከሰው ልጅ ኋላ መርጌታ ሆኖ ተመልሶ መጥቶ እናቷን እንዴት እንዳመሰገናት ነገረችኝ። ከዚያ በፊት ይህን ታሪክ ከቤተሰቡ አንድም ሰው አልሰማውም ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ ቆርቆሮው ድምፄን ይውጠዋል፤ የግድ አቆማለሁ። ያን ጊዜ ሁለታችንም በቆሏችንን እየፈለፈልን ዝም እንላለን፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ግን የምንቀጥለው ካቆምኩበት አልነበረም። አክስቴ በዝምታው ውስጥ ያሰበችውን ትናገራለች፤ አለቃ ለማ ያሉትን ትቃወማለች፣ ወይም ትደግፋለች፣ ወይም «እሱስ እኛም አገር ነበር» ትላለች። ከዚያ ነው ወደ ገጹ የምንመለሰው። መጽሐፉ ካሰብኩት በላይ ብዙ ቀን ፈጀብን፤ ከመጽሐፉ ያላነሰ ነገርም ከእሷ ተማርኩ። ዛሬ እሷ የለችም። የተናገረችውን በዚያ ቅጂ ኅዳግ ላይ በእርሳስ ጽፌ ስለነበር አሁን የቤተሰባችን ልጆች እየተዋሱ ያነቡታል።

አንባቢ ካላችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥም ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካሉ፣ ከዚህ መጽሐፍ ጀምሩ። ዘንድሮ ካልጀመራችሁት ለከርሞ ሰሚው ላይኖር ይችላል።

ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሳልናገር ባልፍ ተማሪዎቼ ይታዘቡኛል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ ብዙ ዕዳ አለብን ከምላቸው መጻሕፍት አንዱ ነው፤ ዕዳው ደግሞ ስሙን እያነሱ በማሞገስ አይከፈልም። ሁሉም ያውቀዋል፣ በቴሌቪዥን ድራማም ሆኖ ቀርቧል፣ ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ግን ከሚያወራለት ያንሳል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ብዙ ልጆች መጀመሪያ የሚያገኙት እንደ ምንባብ መሆኑ ነው። አንድ ገጽ ተኩል ይቆረጥና ከሥሩ የአንብቦ መረዳት ጥያቄ ይደረደርበታል፦ ያሰመርንባቸውን ቃላት ፍቺ ስጡ፣ የታሪኩን ዐቢይ ጉዳይ አብራሩ። ልጁ ጥያቄውን ለመመለስ ያነባል፤ መልሱን ሲያገኝ ያቆማል። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ መጽሐፉን ያነበበ ይመስለዋል።

ሌላው ምክንያት አጀማመሩ ነው። ሰው ስለ ፍቅረኞቹ ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ሊያነብ ይጀምርና የበዛብህን ወላጆች፣ የማንኩሳዎቹን ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን ያገኛል። «ፍቅሩ የታለ?» ይልና ገጽ መዝለል ይጀምራል። እለምናችኋለሁ፣ አትዝለሉ። ጮክ ተብሎ ሲነበብ የመጽሐፉ ጣፋጭ ክፍል እዚያ ነው። የጎጃም ገበሬ ንግግር፣ የጎረቤት ምክር፣ የባልና ሚስት መተሳሰብ፣ ልጁ በስለት ለእግዚአብሔር የሚሰጥበት ነገር፣ ሁሉም በቤት ውስጥ ድምፅ ነው የተጻፈው። ያንን ያልሰማ ሰው በዛብህ ኋላ በሰብለ ወንጌል አባት በፊታውራሪ መሸሻ ቤት አስተማሪ ሆኖ ሲገባ ልቡን የሚከፍለው ምን እንደሆነ አይገባውም፤ ስለቱን ሳያውቁ ፍቅሩን ማወቅ አይቻልምና።

ይህን መጽሐፍ ስታነቡ ድምፅ ተከፋፈሉ። ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ልወጣው ቢል ጉሮሮው ይዘጋል። አንዱ ፊታውራሪ መሸሻን ያንብብ፤ ያን የትምክህት አነጋገር ደረቱን ነፋ አድርጎ የሚያነብ ሰው በየቤቱ አይጠፋም። ሌላዋ ሚስታቸውን ወይዘሮ ጥሩአይነትን ታንብብ። ጉዱ ካሳን ግን ለቤቱ ተከራካሪ ስጡት፤ በየቤቱ «ለምን?» እያለ አባቱን የሚያስቆጣ ልጅ አለ፣ ለእሱ። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ይህን አድርጋ፣ ለወትሮው ከስልኩ ቀና የማይል ወንድሟ የጉዱ ካሳን ንግግር ካነበበ በኋላ አባቷ «ልክ ነው እኮ» ሲሉ እንደሰማች ነግራኛለች። አባትና ልጅ በዚያ ቤት በብዙ ነገር የማይስማሙ ናቸው።

ለጎረምሳ ልጆች የምሰጠው ሌላ ነው፤ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ኦቶባዮግራፊ»። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ነው ያሳተመው። ሰውየው ልጅ ሆነው በራስ መኮንን ጦር ሰፈር ዐድዋን ያዩ፣ ከዚያ ሩሲያ ሄደው በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ አገራቸው ተመልሰው «ፋቡላ» የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ ጣልያን ሲመጣ ደግሞ በጄኔቭ ስለ ኢትዮጵያ የተሟገቱ ናቸው። የአሥራ ሁለትና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ ዓይኑ ይፈጣል። ከእናቱ ተለይቶ ቋንቋውን ወደማያውቀው አገር የሚሄድ ልጅ ታሪክ ስለሆነ ዛሬ ስለ መሰደድ ለሚያስቡ ወጣቶች የሚነግራቸው ብዙ ነገር አለ። ይህን ልጁ ራሱ ለወላጆቹ ያንብብ እንጂ ወላጅ ለልጁ አያንብብለት። ለትንንሾቹ የሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት» አለ፤ 1948 ዓ.ም. የታተመ ነው፣ ካገኛችሁት አትልቀቁት።

ከትርጉም ሥራዎች አንድ ብቻ ልጥቀስ፤ ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመውን የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልብ ወለድ። ነቢይ ይህን የተረጎመው በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው። እስቲ አንድ ባዶ ፓኮ ፈልጋችሁ ዘርጉትና እዩት፤ ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። በዚያ ላይ አንድ አንቀጽ ለማስፈር ፊደሉን ማድቀቅ፣ ቃሉን መምረጥ፣ የተጻፈውንም መደበቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የእርስ በእርስ ጦርነት ታሪክ በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ አማርኛ ሆነ። አማርኛው ግን ከጠባብ ቦታ የወጣ አይመስልም፤ ዘና ያለ፣ የሚፈስ፣ ሴቶቹ ሲነጋገሩ የእኛው አገር ሴቶች የሚነጋገሩ የሚያስመስል ነው። እኔ ይህን መጽሐፍ እህትማማቾች አብረው እንዲያነቡት እመክራለሁ። የልብ ወለዱን ባለታሪክ ስካርሌትን አንዷ ስትጠላት ሌላዋ መውደዷ አይቀርም፤ ክርክሩ እስከ መስቀል ይዘልቃል።

ሁሉም ጥሩ መጽሐፍ ግን ለቤተሰብ ጉባኤ አይሆንም። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ከልቤ እወደዋለሁ፤ የሸዋ ባላገር ንግግር፣ የቤተ ክህነት ቃልና የተማሪ ክርክር እንደዚያ ተጋምዶ የቀረበበት መጽሐፍ አላውቅም። ነገር ግን ከባድ ነው። ቃላቱ ብዙዎቹ ዛሬ ከአፍ ወጥተዋል። አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ፣ ዳኛቸው ራሱ ከአምሳሉ አክሊሉ ጋር ያዘጋጀውን «የአማርኛ ፈሊጦች» አጠገቡ አድርጎ ቢይዘው ይጠቀማል። የአዳም ረታ «ግራጫ ቃጭሎች»ም እንዲሁ፤ አዳም በትንሽ ዕቃ፣ በጠረን፣ በምግብ፣ በሰፈር ጥግ ላይ የሚያደርገው ነገር ቆም ብሎ ማየት ይፈልጋል። አንባቢው ገጹ ላይ ጣቱን አድርጎ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። በጆሮ የሚሰማ ሰው ወደ ኋላ መመለስ አይችልም፤ ስለዚህ እነዚህን ለብቸኛ አንባቢ እተዋቸዋለሁ።

ጥንቃቄ የሚሹም አሉ። የሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ» የኢሕአፓን ዘመን ወጣቶች፣ ፍቅራቸውንና መከራቸውን የሚናገር ማስታወሻ ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው «ኦሮማይ» ደግሞ አስመራን፣ የቀይ ኮከብን ዘመቻና በዚያ መካከል የወደቀ ፍቅርን ይዟል፤ ደራሲው በቀጣዩ ዓመት የደረሰበት ሳይታወቅ ቀርቷል። ሁለቱንም አንዴ ጀምሮ ማስቀመጥ ይከብዳል። ግን በብዙ ቤት ውስጥ በዚያ ዘመን ወንድም ያጣች እህት፣ ከግንባር ልጅ ያልተመለሰላት እናት አለች። መጽሐፉን ከፍታችሁ ከማንበባችሁ በፊት ጠይቋት። «አንብቡልኝ» ካለች ከመጽሐፉ የበለጠ ነገር ልትነግራችሁ ትችላለች፤ «ተዉኝ» ካለች ሌላ አንሱ። በግጥም ለሚረኩ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» በቂ ነው፤ በምሽት አንድ ግጥም፣ ሁለት ጊዜ ተነቦ፣ ይበቃል።

አሁን ለዚህ ምክሬ የሚቀርብብኝን ተቃውሞ ልመልስ። ወላጆች ሁሌም የሚሉኝ፣ «ቲቸር፣ ልጆቹ የክረምት ኮርስ አለባቸው፤ ልብ ወለድ ጊዜ ያባክናል» ነው። ወጣቶቹ ደግሞ የሚጠይቁኝ የሳይኮሎጂ መጽሐፍ የሚሏቸውን፣ በስንት ቀን ሀብታም እንደሚኮን፣ ጠዋት በስንት ሰዓት መነሳት እንደሚገባ የሚናገሩትን ነው። ለወላጆቹ የምላቸው ይህ ነው፤ በብዙ ዓመታት የማስተማር ሥራዬ ያየሁት የተማሪ ትልቁ ችግር የሰዋስው ሕግ አለማወቅ አይደለም። ረጅም አረፍተ ነገር እስከ ማሰሪያ አንቀጹ ድረስ ታግሶ መከተል አለመቻል ነው። አማርኛ ደግሞ ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው፤ ማን ምን እንዳደረገ ለማወቅ እስከ ጫፍ መድረስ ያስፈልጋል። ይህን ትዕግሥት ኮርስ አይሰጥም፤ ከሰው አፍ ታሪክ እየሰሙ «ከዚያስ?» ማለት ይሰጣል። በቤቱ የሚነበብለት ልጅ መስከረም ላይ ክፍል ውስጥ ሲያነብ በድምፁ ለይቼ አውቀው ነበር። ነጠላ ሰረዙ ላይ ያርፋል፣ ጥያቄውን ይጠይቃል፣ የሰውን ንግግር ከተራኪው ይለያል።

ለወጣቶቹም ከልቤ የምናገረው አለኝ። ዓመቱን ሙሉ የሚጠቅማችሁን ስታደርጉ ኖራችኋል፤ ሥራችሁም፣ ትምህርታችሁም፣ ስልካችሁም ከእናንተ አንድ ነገር ይፈልጋል። ጳጉሜ ደመወዝ እንኳ የማይታሰብባት ወር ናት። እሷን ስለ ሌላ ሰው ሕይወት ለመስማት ስጧት። አሥር መጽሐፍ ጨረስኩ የሚል ቁጥርም አያስፈልግም። አንድ መጽሐፍ፣ ያውም ሳያልቅ መስከረም ቢገባ፣ ምንም አይደለም።

የሚያሳስበኝ ዋጋው ነው። መጽሐፍ አሁን የሚቀመስ አይደለም፤ የወረቀትና የማተሚያ ቤት ዋጋ ንሮ ደራሲው ትንሽ ቅጂ ያሳትማል፣ አንባቢውም ዋጋውን አይቶ መልሶ ያስቀምጣል። ከዚያ ሁሉም ወደ ቴሌግራም ይሄዳል፤ በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ የተነሳ ፒዲኤፍ በነፃ ይወርዳል። በሕይወት ያለ ደራሲን መጽሐፍ እንዲህ መውሰድ እንጀራውን መንጠቅ ነው፤ ይህን ሳልሸፋፍን ነው የምናገረው። ግን ለማይችለው ሰው መንገድ ማሳየት አለብን። በእኔ ወጣትነት ደሴ ውስጥ በጋዜጣ የተለበጡ መጻሕፍትን በቀን በሳንቲም የሚያከራዩ ሱቆች ነበሩ። የተከራየነውን በማግሥቱ ለመመለስ ስንል ማታውኑ ለአራት ለአምስት ሆነን አንዱ እያነበበ እንሰማ ነበር። ያ ዛሬም ይሠራል። አምስት ጎረቤት አዋጥቶ አንድ መጽሐፍ ይግዛ፤ በተራ ይነበብ። ብሔራዊ ቴአትርና ለገሃር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ልጆች የጠየቃችኋቸውን ቢያጡ እንኳ ስልካችሁን ተቀብለው ያፈላልጉላችኋል። የወመዘክርም ሆነ የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ ለሚያነብ ክፍት ናቸው፤ እዚያ ግን ጮክ ማለት ስለማይቻል ያነበባችሁትን ማታ ለቤተሰብ በቃላችሁ አውሩት። ይህም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው።

ስለ አያያዙም አንድ ሁለት ነገር ልበል። የክረምት መጽሐፍ እርጥበት ይስባል፤ ገጹ ያብጣል፣ ሽፋኑ ይንሻፈፋል። ግድግዳ ላይ በተጠጋ መደርደሪያ አታስቀምጡት። የበቆሎ ጥላሸት ባለበት እጅ ገጽ አትግለጡ፤ አንዱ ይጠብስ፣ አንዱ ያንብብ። ሻማም ሆነ የእጅ ባትሪ ከአንባቢው ጀርባ ይሁን እንጂ ፊት ለፊት አይሁን። ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ዕለት ልጆቹ ዝናብ ሊጠመቁ ይወጣሉ፤ ያን ጊዜ ንባቡን አቁሙላቸው፣ አትቆጧቸው፣ ደርቀው ሲመለሱ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ።

ብቻውን የሚኖር ሰውስ? ይህን ባለፈው ነሐሴ ከሪያድ የደወለችልኝ የቀድሞ ተማሪዬ ጠይቃኛለች። ሰው ቤት ትሠራለች፤ የምታርፈው ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። እናቷ ወሎ ገጠር ናቸው። «ቲቸር፣ እኔ ከማን ጋር ላንብብ?» አለችኝ። ወንድሟ ከደሴ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ገጾች እያነሳ እንዳይልክላት ብዬ መጽሐፉን ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ሰጥቼ ላክሁላት። ማታ ማታ ጥቂት ገጽ እያነበበች በኢሞ የድምፅ መልእክት ለእናቷ ትልክላቸዋለች፤ እሳቸው ጠዋት ኔትወርክ ሲያገኙ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ይሰሙትና መልስ ይልካሉ። ውድነሽ በጣሙን በጣም ወደዷት፤ ፊታውራሪ መሸሻን ደግሞ የሚመስል ሰው በሰፈራቸው እንደነበር ስሙን ጠርተው ነገሯት። ዘንድሮ ደውላ ጨርሰነዋል፣ ቀጥሎ ምን ይሁን ብላኛለች። የአለቃ ለማን ልኬላታለሁ፤ እናቷ የቆሎ ተማሪ ያበሉ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠይቂያቸው፣ ድምፃቸውንም አታጥፊው ብያታለሁ።